ዜባህ ያደረስኩት ውኃ

ባለቤቴ ሽሪምፕ ያረባ ነበር። የሚበላውን ዓይነት አይደለም፤ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ቀኑን ሙሉ የውኃ ሣር ላይ ተቀምጦ በትንንሽ እጆቹ እየለቀመ የሚበላ ፍጥረት ነው። ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ከሻንጣ የማትበልጥ የመስታወት ገንዳ ነበረችው። ከጫካ ለቅሞ ያደረቃቸውን ቅጠሎች ይጨምርባቸዋል። ምግባቸው ቅጠሉና መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ገንዳዋ አትታጠብም። ውኃ ሲጎድል እንኳ የቧንቧውን ውኃ በባልዲ አሳድሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚጨምረው። ሆስፒታል ሲተኛ ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። ልጠይቀው ስገባ መጀመሪያ የሚለኝ፣ "የኔዎቹ እንዴት ናቸው?" ነበር።

ሲሞት ታላቅ እህቱ ከዙሪክ መጣች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አልላትም።

በእኛ ደንብ ሐዘንተኛ ከተቀመጠችበት አትነሳም፤ ቤቱን ዘመድ ይረከባል። እሷም ተረከበች። እኔ መኝታ ቤት ጥቁር ስለብስ፣ ለቅሶ ደራሽ ቆሻሻ ውኃ እንዳያይ ብላ ሽሪምፖቹን በሳህን ለይታ፣ ገንዳዋን ገልብጣ፣ ጠጠሩን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሽታ፣ ቅጠሉን ጥላ፣ ከቧንቧ ሞልታ መልሳ ከተተቻቸው። ወጥቼ ሶፋው ላይ ሲያስቀምጡኝ መስታወቱ ያበራል። ሽሪምፖቹ እንደ እብድ ወደ ላይ ይዘላሉ። ከዚያ አንድ በአንድ በጎናቸው እየወደቁ ነጡ።

ልነሳ ስል ከቸርች የመጡ ሁለት እህቶች በግራና በቀኝ ያዙኝ። "እየሞቱ ነው፣ ልቀቁኝ" አልኳቸው። ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏቸው ይብስ አጠበቁኝ፤ አንደኛዋ መጸለይ ጀመረች። የባሌ እህት ሻይ ይዛ መጣች፤ ሁሉም እየሰማ፣

"ወንድሜ ሞቶ፣ አንቺ ለትል ታለቅሻለሽ?" አለችኝ።

የሞቱትን በሻይ ማጥለያ እየቀዳች ሽንት ቤት ደፋቻቸው። ማታ የተረፈ ካለ ብዬ ጠጠሩን ሁሉ በጣቴ ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። ጄኔቭ ያለ አገሬ ሰው ግን እስከ ዛሬ ለትል ያለቀሰችው ይለኛል።

ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ የባሌ እህት ደወለች። ጡረታ ወጥታለች። ቤቱ ጭር ብሎባታል። ከወንድሟ ትሎች የተረፈ ካለ ለማስታወሻ እንድሰጣት ለመነችኝ። ራሷ እንደደፋቻቸው ረስታለች።

"አሉ፣ እትዬ" አልኳት። "ተራብተዋል። አመጣልዎታለሁ።"

ገንዳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ በባቡር ዙሪክ ወረድኩ። አዲስ የውኃ ሣርና ቁራጭ ግንድ ገዝቼ፣ ነፍስ ያለው ነገር ተጣብቆ እንዳይመጣ ቅጠል በቅጠል አጥቤ ነበር የያዝኩት። ዜባህ በሚባለው ሰፈሯ፣ ሳሎኗ ውስጥ፣ ገንዳዋን ሞላሁላት። አዲስ ቦታ ሲሆንባቸው ይደበቃሉ፣ እጅ ካገባችባቸው ይሞታሉ፣ ቁጭ ብላ ማየት ብቻ ነው አልኳት።

"መቼ ነው የሚወጡት?" አለችኝ።

"እርስዎን ሲለምዱ።"

የዚያን ዕለት ሌሊት ባሌ ከሞተ ወዲህ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ ራት ሰዓት ሲያልፍ ትደውል ጀመር። ዛሬም አልወጡም ትለኛለች፤ ይታገሱ እላታለሁ። መቀመጡ ወገቧን አሳመማት። አንዲት የቸርቿ ሴት ገንዳው ባዶ መሆኑን ነግራት ስቃባታለች፤ ከቤቷ አባረረቻት። አሁን ዙሪክ ላይ ባዶ ውኃ የምትጠብቀዋ ይሏታል አሉ። ይህን ስሰማ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አይበቃትም ብዬም አሰብኩ።

ባለፈው ሳምንት በጠዋት ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አየሁት" አለች። ግንዱ ሥር፣ ቀይ፣ በእጁ እየለቀመ ሲበላ። ልክ ወንድሟ ቆሎ ሲበላ እንደሚያደርገው።

ምንም እንዳላየች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ምግብ አልበላልኝ አለ። እኔ ያን ሁሉ ጠጠር ፈልጌ ያጣሁትን እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘችው። በማግስቱ ደውዬ ገንዳዋን መልሼ ልወስድ እንደምመጣ ነገርኳት።

"አይሆንም" አለችኝ። "ምን ነካሽ? አሁን እንዴት ይነቃነቃሉ? ለምደውኛል እኮ።"

 ለቅዳሜ ግን የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ።