በባዶ ሆድ

ዘርፌ መሠረት ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። በገበያ ቀን ከተማ ወርዳ ጠላ ትሸጣለች። ዕድሜዋን ስትጠየቅ ሃምሳ ትላለች። ባሏ ጓዴ፣ ሃምሳ አራት ነሽ ይላታል፤ በዚህ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ምላሷ ስለታም ነው። ጠላሽ ቀጠነ ያላት ሰው ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም።

ጭኗ ላይ እብጠት ሲወጣ መጀመሪያ እንቁላል ያህል ነበር። ስላላመማት ሐኪም ቤት አልሄደችም። ጡጫ ሲያህል ሄደች። ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የተወሰደው ናሙና የለስላሳ አካል ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በጡንቻና በስብ ላይ የሚነሣ፣ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ የካንሰር ዓይነት ነው። ዓመት ሳይሞላ ሳል ያዛት፤ ሳንባዋ ላይ ሦስት ዕጢዎች ታዩ። ኬሞ ተሰጣት። ፀጉሯን ወሰደ፤ ዕጢዎቹን አልነካም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነቱ ካንሰር አዲስ እንክብል እየሞከረ ነበር። ወደዚያ ላኳት። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሥዩም ነገሩን አልሸፋፈኑም።

«መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ ነው። ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ሊጎዳዎትም ይችላል። እርስዎ በፈለጉ ጊዜ መተው ይችላሉ። ጉዳቱ ከበዛ ደግሞ እኛ እናስወጣዎታለን።»

«ካልሞከርኩትስ?»

«ሌላ የምሰጥዎት የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያስለፈልፈናል?» አለች ዘርፌ፤ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ፈረመች።

ሁዳዴ የገባበት ሳምንት ነበር። የጥናቱ ነርስ ሲስተር ሊድያ ብልቃጡን እየሰጠቻት፣ «ጠዋት ጠዋት ሁለት ፍሬ። ሳይበሉ። ከዋጡም በኋላ ቶሎ ምግብ እንዳይቀምሱ» አለቻት። ዘርፌ የሊድያን አንገት ስታይ ማተብ አለ። ጾሟን እንዳትገድፍ ያሰበችላት መሰላት።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ሃይማኖት ያለሽ ነሽ» አለቻት።

ሊድያ ምስጋናው ከምን እንደመጣ አልጠየቀችም። በሩ ላይ ሌሎች ሕመምተኞች ይጠብቃሉ።

የነፍስ አባቷ ታመሻልና ጾሙ ይቅርብሽ ቢሏት እንቢ አለች። መድኃኒቱን ብቻ አስፈቀደች። ጠዋት በውኃ ትውጣለች፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። በጾሙ አጋማሽ አዲስ አበባ ሄዳ ሲቲ ስካን ስትነሣ ከሦስቱ ዕጢዎች ሁለቱ ቀንሰዋል። ሳሏም ቆመ። አገሯ ስትገባ ወንዝ ወርዳ እንስራ ተሸክማ ተመለሰች። ጓዴ ተቆጣ፤ እሷ ሳቀችበት።

ፋሲካ ደረሰ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሳ ዶሮ ወጥ በላች፤ ፀሐይ ስትወጣ እንክብሏን ዋጠች። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። በእነዚያ ሳምንታት ጾሙን የሚውል ሰው ሐዘን ያለበት ነው። ስለዚህ ለዘርፌ የሊድያ ትእዛዝ ከጾሙ ጋር አብሮ ተፈታ። ጓዴ የላሚቱ ቅቤ ገበያ አይወጣም አለ። ጠዋት ጠዋት የገብስ ገንፎ ይገነፋል፤ መካከሉ ላይ የተነጠረ ቅቤ ይፈስበታል። በልታ ስትጨርስ ሁለቱን ፍሬ ትውጣለች።

በመካከሉ የደም ምርመራ ቀጠሮ ነበራት። መንገድ ተዘግቶ ሰነበተና ቀረች። መንገዱ ሲከፈት ሽንቷ የሻይ መልክ ይዞ ነበር።

«ዓይንሽ አስኳል መሰለ» አላት ጓዴ አውቶቡስ ውስጥ።

«ቅቤህ ነው የታየህ።»

አዲስ አበባ የደረሱት ማታ ነው። በታካሚዎች ማረፊያ ቤት ጌታነህ የሚባል ሰው አገኙ፤ እሱም በዚሁ ጥናት ውስጥ ያለ የእስቴ ነጋዴ ነው። በማግስቱ ዘርፌ ዳቦዋን በሻይ በልታ እንክብሏን ስታወጣ አያት።

«እንዴ እትዬ ዘርፌ! በልተው ነው የሚውጡት?»

«ምን አለበት?»

«ሳይበሉ ነው እንጂ የተባለው!»

«እሱ ለጾሙ ነው።»

«የምን ጾም? እኔ በጥቅምት ስጀምርም ሳትበላ ነው ያሉኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳይሰሙዎት። አንዱን ሰውዬ የባህል መድኃኒት ቀላቀልክ ብለው አስወጥተውታል። ሥርዓት ያጎደለ ይወጣል።»

ዘርፌ እንክብሉን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ መልሳ ብልቃጡ ውስጥ ከተተችው።

ደም ከሰጡ በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ።

«ቢጠይቁሽስ?» አለ ጓዴ።

«እኔ እመልሳለሁ። አንተ አፍህን ዝጋ።»

«ውሸት ልትናገሪ ነው?»

«አንተ በሬ ስትሸጥ የምትናገረው ምንድን ነው?»

ተጠሩ።

ዶክተር ሥዩም የደሙን ውጤት ይዘው ነበር። ሊድያ አጠገባቸው ቆማለች።

«ጉበትዎ ክፉኛ ተጎድቷል። መድኃኒቱን ከዛሬ ጀምሮ አቁሜዋለሁ። አሁን የምጠይቅዎትን በትክክል ይመልሱልኝ። የባህል መድኃኒት ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

«አረቄ? ጠላ?»

«እሸጣለሁ እንጂ አልጠጣም።»

ጓዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለቅምሻ ካልሆነ» አለች።

«እንክብሉን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«እንዳዘዛችሁኝ።»

ጓዴ ጫማውን ያይ ጀመር። ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ።

«እንግዲያው ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ከራሱ ነው። በትክክል እየወሰዱት ይህን ያህል ከጎዳዎት፣ ጥናቱ ውስጥ ላቆይዎት አልችልም። አዝናለሁ።»

ዘርፌ የመጣችው ውሸት ያቆየኛል ብላ ነው። ውሸቱ እያስወጣት ነው። እውነቱም ያስወጣል ብሏታል ጌታነህ።

«በትክክል ያልወሰደ ሰውስ?» አለች።

ዶክተሩ ቀና አሉ። «አጥፍተዋል እንዴ?»

«ጠየቅሁ እንጂ።»

«ንገሪያቸው» አለ ጓዴ።

«አንተ ቅቤህን ይዘህ ዝም በል!»

«የምን ቅቤ?» አለች ሊድያ።

ዘርፌ ባሏን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ነገረቻቸው። ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ ከበላች በኋላ መዋጧን፣ ከፋሲካ ጠዋት ጀምሮ አንድም ቀን እንዳላጓደለች።

«ሳይበሉ ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ለጾሙ መስሎኝ። በሁዳዴ ነዋ የነገርሽኝ! ማተብ አየሁብሽ፣ አሰበችልኝ አልኩ።»

ሊድያ እጇን ወደ ማተቧ ሰደደች። ዶክተሩ እሷን አላዩም፤ ጠረጴዛውን ነው ያዩት።

«ቅባት ካለ ሰውነት መድኃኒቱን እጥፍ ድርብ አድርጎ ነው የሚወስደው» አሉ። «እርስዎ ሁለት ዋጥኩ ይላሉ፣ ጉበትዎ ግን የአራትና የአምስት ያህል ተሸክሟል። በዚህ መንገድ ሰው ይሞታል።»

«አስወጣችሁኝ?»

«እኔ ብቻዬን አልወስንም። ጥናቱን የሚቆጣጠር ኮሚቴ አለ፤ የሆነውን እንዳለ እጽፍላቸዋለሁ። ቢፈቅዱም ጉበትዎ መመለስ አለበት። እስከዚያ መድኃኒት የለም።»

«ሳንባዬስ?»

«ሳንባዎም ያለ መድኃኒት ይቆያል።»

ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ጠበቁ። በየጥቂት ቀኑ ደም ይቀዳል። ዓይኗ መንጣት ጀመረ፤ ግን ሳሉ ተመለሰ። መጀመሪያ ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ስትናገርም ይይዛታል። ያቺ ምላስ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ጉበቷ በቶሎ ካልዳነ ዕጢዎቹ ይቀድማሉ። ጓዴ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ስለ ሌላ ነገር ያወራል።

ከአገር ስልክ ተደወለ። ዝናብ ጥሏል፤ የጓዴ ማሳ ገና አልታረሰም።

«ሂድ» አለችው።

«አልሄድም።»

«ገብሱ ካልተዘራ ምን ትበላለህ?»

«ቅቤ።»

ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። መሐረቡን ከአፏ ስታነሣ ደም ነበረበት። ሁለቱም አዩት። አጣጥፋ ከብብቷ ሥር ከተተችው።

የኮሚቴው መልስ የመጣው በሰኔ ነው። የጉበቷ ጉዳት ከተፈቀደው ወሰን በታች ወርዷል። ዶክተር ሥዩም ቆመው ነገሯት። በጥናቱ ትቀጥላለች፤ ከሁለት ፍሬ ወደ አንድ ዝቅ ይላል። ጉበቷ ዳግመኛ ከተጎዳ ግን ያኔ ያበቃል፤ ምክንያቱ አይጠየቅም።

«በፋሲካም በባዶ ሆድ» አለች ሊድያ። «በገናም፣ በሠርግም፣ በተዝካርም። ከጾም ጋር አይገናኝም። ይድገሙልኝ።»

«በፋሲካም በባዶ ሆድ።»

«እርስዎስ አባባ?»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ጓዴ።

«ገንፎውን ያስገነፉት እርስዎ ነዎት።»

«በፋሲካም በባዶ ሆድ» አለ እሱም።

ጓዴ በዚያው ቀን ለእርሻው ተሳፈረ። ዘርፌ ቀረች። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊድያ ፊት ቆማ ዋጠች፤ ሊድያ አፏን አስከፍታ ታያለች። «ጥርሴን ልትገዢው ነው?» አለቻት አንድ ቀን፤ እስከ መጨረሻው ሳትስል ተናገረችው።

በሐምሌ መጨረሻ ጓዴ ሊወስዳት ተመልሶ መጣ። ሲቲ ስካኑ የተነሣው ባለፈው ቀን ነው። ዶክተር ሥዩም ምስሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍተው በጣታቸው አሳዩአቸው።

«እነዚህ ሁለቱ ባሉበት ናቸው። ይቺኛዋ ግን አድጋለች።»

«ብዙ?» አለ ጓዴ።

«ትንሽ።»

«ታስወጣኛለች?» አለች ዘርፌ።

«እስካሁን አታስወጣዎትም። መስከረም ላይ ደግሞ እናያለን። የባሰ ካደገች ግን መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው።»

ዘርፌ ምስሉን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ሊድያ ዘረጋች።

«እንግዲያ የወሩን እንክብል ስጪኝ። ለነገው አውቶቡስ ቦታ ሳያልቅ እንድረስ።»