የሙዝ ኬኩን ደቂቃ ሳልማር

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ፣ በጾም ቅዳሜ ቅዳሜ የጠቆረ ሙዝ አሽቼ፣ ከዱቄትና ከዘይት ጋር አዋህጄ ኬክ እጋግር ነበር፤ ኦቭን ስለሌለን በድስት። እሳቸው ሶፋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን ይከታተላሉ። ልክ ሲበስል “ደረሰ፤ አውጪው!” ይሉኛል። ተሳስተው አያውቁም።

“ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?” ስላቸው ይቆጡ ነበር። “እኔ እያለሁ ደቂቃ ምን ያደርግልሻል?”

ትናንት ቤቱ ጭር ሲልብኝ ያንኑ ድስት ጣድኩ። ሽታው ሳሎኑን ሞላው። እንደ ልማዴ ወደ ሶፋው ዞሬ ጠበቅኩ። ጋቢያቸው እንደታጠፈ ነው። ኬኩ ማረር ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭሱ መጣ። አልተነሳሁም። አውጪው ያለኝ የለማ።