አየ ወይስ ሰማ?

ከደሴ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ ሁለት ጋቢ አሸክማኝ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ፤ አፋር በረሃ፣ ሰርዶ ስደርስ ጋቢ ለምን እንደሚለበስ ጠፋኝ። እናንተ ደሴ በነሐሴ ጭጋግ ስትንቀጠቀጡ፣ እዚህ ውሃው እንስራ ውስጥ እንዳለ ይሞቃል። የመጣሁት አሳይታ አጠገብ ባለ የጥጥ እርሻ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ቤት የሚያድለውን ሹም «ክፍሉ መስኮት የለውም» ስለው፣ «ታዲያ ሙቀቱ በምን ሊገባብህ ነው? አመስግን!» አለኝ።

በመጣሁ በሳምንቴ አንድ ጋዜጠኛ እርሻውን ሊጎበኝ መጣና «ከእርሻው በፊት እዚህ ሰው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ዙሪያዬን ብመለከት ጎጆ የለም። አፋሮቹ በክረምት ከብታቸውን ይዘው ወደ ሜዳው እንደሚወጡ አላውቅም ነበር። እንግዳ ነኝ ማለት አቅቶኝ ነው? «ማንም አልነበረም» አልኩት፣ እዚሁ እንደ ተወለደ ሰው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከወራት በኋላ የሰውዬው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲደርሰኝ፣ ስሜ ባይኖርበትም ቃሌ ታትሟልና ደስ ብሎኝ ክፍል ይዤው ገባሁ። ተማሪዎቼ ከሥራ በኋላ የሚመጡ ጸሐፊዎችና ዘበኞች ናቸው። «ኢት ዋዝ ኤምፕቲ ላንድ፣ ባዶ መሬት ነበር» ብዬ ድገሙ አልኳቸው። ሁሉም ደገሙ። በአባቴ ዕድሜ ያለው አፋሩ የቦይ ዘበኛ ሁመድ ብቻ ሳይደግም ጠየቀኝ።

«ይሄ የጻፈው ሰውዬ፣ አየ ወይስ ሰማ?»

«ታትሟል እኮ፣ ሁመድ!»

«ማተም ሌላ። እኛ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዳጉ አለን፤ ወሬ እንቀባበላለን። አየህ ወይ እንላለን። ሰማሁ ካለ፣ ከማን እንላለን። አባቴ የተቀበረው እዚያ ጥጡ ውስጥ ነው። ለዚህ ሰውዬ ማን ነገረው?»

እኔ ላስተምረው የሚገባኝን እሱ አስተማረኝ። እኔ ግን «አንብብ ስትባል አንብብ!» ብዬ ጮህኩበት። በሽማግሌ ላይ፣ ያውም በሰው ፊት።

በማግስቱ ለጋዜጣው በእንግሊዝኛ የጻፈውን ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። «አስተማሪ፣ አርመውና ላክልኝ» አለኝ። «ሁ ቶልድ ዩ? ሂ ሲ ኦር ሂ ሂር?» ይላል፤ ማን ነገራችሁ፣ አየ ወይስ ሰማ ማለቱ ነው። ሲውን ሶው፣ ሂሩን ሄርድ አድርጌ አረምኩለት። ፖስታ ቤት ግን አልወሰድኩትም። ጋዜጣው ቢመልስለት የኔን ስም ይጽፍለታላ! ደብዳቤው እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ይህን ለእናንተ ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ለእሱ ለመናገር ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ባለፈው ዓርብ «መልስ መጣ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

አልተቆጣም። እንዲያውም ደስ አለው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ወላሂ፣ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። የነገራቸውን ሰውዬ እያጣሩ ነው።»