የጋሽ ሙሜ ጆሮ

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ጋሽ ሙሜ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። መኪና የሚመረምሩት በጆሯቸው ነው። ክንድ የምታህል የወይራ ዘንግ አለቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ይደግፋሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ በሩ ሥር የሚቸረችረው ሁሉ ዝም ይላል። ቲማቲም ሻጯ ደንበኛዋን በእጅ ምልክት ታስጠብቃለች፣ አህያ የሚነዳው አህያውን ያቆማል። እኔ ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ የመጣሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነበርኩ፤ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጸሎት መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ሾፌሮቹ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ጋሽ ሙሜ ዘንጓን አንስተው ከተናገሩ ይግባኝ የለም። «ካርቡራቶር ነው» ካሉ ካርቡራቶር ነው። «አቦ ልጄ፣ የታመመው ሞተሩ አይደለም፣ አነዳድህ ነው» ብለውኝም ያውቃሉ፤ ተናድጄ ሄድኩ እንጂ ልክ ነበሩ። በዚያ በደርግ ዘመን መለዋወጫ እንደ መድኃኒት ነበር የሚፈለገው። የከተማው አሮጌ ፔጆ ሁሉ ቆሞ የሚሄደው በእሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኩባ ወታደሮች አገራቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ከጋሽ ሙሜ ጋር በምልክት እየተግባባ የተወዳጀ አንድ መካኒካቸው ክብ መለኪያ በሳጥን አድርጎ ሰጣቸው። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይፈታና የመለኪያው አፍ ቀዳዳው ላይ ይገጠማል፤ ሞተሩ በቁልፍ ሲዞር ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ መርፌዋ ታሳያለች። ጋሽ ሙሜ አመስግነው ተቀበሉና ሳጥኑን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። «እኔ ጆሮ እያለኝ መርፌ ልጠይቅ?» አሉ። እኔ ግን ያን የመሰለ ዕቃ ብርጭቆ ተሸክሞ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኝ ነበር።

ከደንበኞቻቸው አንዷ ዘቢባ ናት። ባሏ ሲሞት የተወላት ሦስት ልጆችና አንድ ፔጆ 404 ነው፤ መሪውን ራሷ ጨበጠች። ከተማው አንድ ሳምንት አወራ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተሳፈረ። ከሶፊና ከድሬ ጠያራ ገበሬውን ከነጫቱ ከነሽንኩርቱ ጭና ትመጣለች። ስታወራ ድምጿ ከፍ ያለ ነው፤ ከጋሽ ሙሜ ጋር ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ትጮኻለች። እኔ ሁልጊዜ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ፔጆዋ አቀበት እምቢ አለች። እየተንቀጠቀጠች እስከ ጋራዡ ደረሰች። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ጋሽ ሙሜ ዘንጓን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚህ መሃል ሞተሩ ሁለቴ አንገራገረና ጠፋ።

ጋሽ ሙሜ ግን ማዳመጣቸውን አላቆሙም። ዘንጓን ወዲህ ወዲያ ያዛውራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ በጠፋ ሞተር! ዞር ብዬ ሰዉን ባየው አንድም የገረመው የለም። ጠፍቶም የሚነግራቸው ነገር ያለ ይመስል በአክብሮት ይጠብቃል።

«ፒስተኑ አልቋል» አሉ በመጨረሻ። «አትድከሚ ልጄ፣ ይሄ ሞተር ሞቷል።»

ፒስተን ደግሞ በዚያ ጊዜ ከየትም አይገኝም። ዘቢባ የመኪናዋ ደፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አሮጌ መኪና እየገዛ አካሉን ፈታትቶ የሚሸጠው ዓሊዪ እዚያው ነበር፣ ሐሙስ መጥቶ መኪናዋን ሊጎትት ተስማሙ።

በማግስቱ ጋሽ ሙሜን ብቻቸውን አገኘኋቸውና «ትናንት ሲያዳምጡ እኮ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንም እንዳልሰሙኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ውጣልኝ!» አሉ።

ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዴ እጸጸታለሁ፣ አንዴ እናደዳለሁ። ሽማግሌ ማሳፈሬ ቆጨኝ፤ ግን የሦስት ልጆች እንጀራ በአንድ ሰው ኩራት ይቅር? ለዘቢባ ሄጄ እንዳልነግራት፣ ከጋሽ ሙሜ ቃል ይልቅ የእኔን ማን ያምናል?

ሐሙስ ረፋድ ዓሊዪ ፔጆዋን ከመኪናው ጋር በገመድ አስሮ ሊነሳ ሲል ጋሽ ሙሜ መጡ። ዘንጓን አልያዙም። የኩባዊውን ሳጥን በብብታቸው ይዘዋል።

«ዓሊዪ፣ ገመዱን ፍታው። ገና አላየኋትም።»

«ያኔ አይተው የለ እንዴ፣ ጋሽ ሙሜ?» አለ ዓሊዪ።

ጋሽ ሙሜ ወደ ሞተሩ አለፉ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ካንዴላዎቹን አወጡ፣ እኔን በዓይናቸው ጠርተው መሪው ላይ አስቀመጡኝ። ሰዉ እንደ ልማዱ ጸጥ ብሏል፣ አህያውም ቆሟል። ቁልፉን ሳዞር መርፌዋ በመጀመሪያው ፒስተን ዘጠኝ ላይ ቆመች። በሁለተኛውም ዘጠኝ። በሦስተኛው አራት። በአራተኛው ዘጠኝ። ጋሽ ሙሜ በሦስተኛው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመሩና እንደገና አስዞሩኝ። አሁንም አራት።

ጋሽ ሙሜ መለኪያውን ነቀሉት። «ፒስተኑ አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍነውና መርፌዋ ከፍ ትል ነበር» አሉ። «አላለችም። ፒስተኑ ደህና ነው። አንድ ቫልቭ ነው በደንብ ያልገጠመው፣ አንድ ቫልቭ ብቻ!»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። የሚሆነውን ስለጠረጠርኩ ከመኪናው ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ያን ቀን ፒስተን ያልኩት ሰምቼ አይደለም። ኩባዎቹ በመጡበት ጦርነት ጊዜ የወታደር ካምዮን ስጠግን መድፉ አጠገቤ ይተኮስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ እየቀነሰ መጣ። አሁን ካልተጮኸብኝ ምንም አይሰማኝም። ሁለት ዓመት በግምት ነው የሠራሁት። ዘቢባ፣ መኪናሽን ልቀብርብሽ ነበር። አላህም አንቺም ይቅር በሉኝ።»

ጋራዡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባዶ የሚቀር መሰለኝ። ዘቢባ ግን ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሙሉ ድምጿ ለቀቀችው።

«አቦ ጋሽ ሙሜ! እንደማይሰሙ ማን ያላወቀ አለ? ጉሮሮዬ እስኪላጥ የምጮኸው ለምን መሰለዎት? ሰው ባይሰሙም ሞተር ይሰማሉ ብለን ነው እንጂ፣ ዋላሂ!»

ቲማቲም ሻጯ፣ ሾፌሮቹ፣ ዓሊዪ ሳይቀር፣ ሁሉም «እውነቷን ነው» አሉ። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ሲጮኽላቸው ኖሯል። እኔ አለመስማታቸውን አላወቅሁም ነበር፤ ጋሽ ሙሜ ደግሞ ሰው ማወቁን።

«እኔ ደግሞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሐረር ቁጡ ሰው የበዛባት መስሎኝ።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸው በግራሶ ቅባት የጠቆረ ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ዓሊዪ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ቫልቩን ከግቢያቸው ከወደቀ ሌላ ፔጆ አወጡ፣ ሁለት ቀን በእጃቸው እያሹ ልክ እንዲገጥም አደረጉት። ቅዳሜ ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩ ዝም ሊል ሲቃጣው «አውሩ አቦ!» አሉ። «ይቺ መርፌ ጫጫታ አትፈራም።» መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ንዝረቱን አጣሩና ለዘቢባ ሂጂ አሏት።

አቀበቱን ወጥታ ተመለሰች። ወርዳ አጠገባቸው ቆመችና እንደ ልማዷ አልጮኸችም፣ በቀስታ አንድ ነገር አለቻቸው። ጋሽ ሙሜ ያልሰሙትን ነገር ፈገግ ብለው ራስ በመነቅነቅ ነበር የሚያልፉት። ያን ቀን ግን መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«አልሰማሁሽም ልጄ። ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።