ጥርስ የሌለው ሰው ያለህ!

«ጥርስ የሌለው ሰው ያለህ!» እያልኩ ነው የመጨረሻውን ዓመት የጨረስኩት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም። ተማሪው ድዱ ባዶ የሆነ ሰው ራሱ ፈልጎ አምጥቶ፣ ላይና ታች ሙሉ ጥርስ ሠርቶ ካላስገጠመ አይመረቅም።

የአገሩ ልጆች ምን ቸገራቸው? አንዱ አያቱን ያመጣል፣ አንዷ የአክስቷን ባል ጎትታ ታስቀምጣለች። እኔ በስኮላርሺፕ የመጣሁ የሰው አገር ሰው ነኝ፤ ዘመዶቼ ባሕር ማዶ አገሬ ናቸው፣ ከየት ላምጣ? ለክሊኒኩ ኃላፊ አቤት ብል፣ «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» አለኝ። እኩል! ሆድ ይፍጀው።

ደግሞ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው» ብለው ነው ያመጡኝ። አልዋሹም፤ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ግን በእንግሊዝኛ አፍህን ክፈት ቢሉት ዓይኑን ነው የሚያፈጠው! «ቋንቋቸውን ተማሪ» ያለኝ ሰው ሞልቷል። «የመጣሁት ለጥርስ እንጂ ለምላስ አይደለም» እል ነበር፣ ጉረኛዋ።

ስኮላርሺፑ አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ቀን አይጨምርም። ጥርሱ መገጠሙን የምትመሰክረው ያቺ የመጨረሻዋ የኃላፊው ፊርማ ከሌለች ዲግሪ የለም። አባቴ ግን ሐኪም ልጄ ልትመጣ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውጇል፤ ተው ቢሉት አይሰማ።

አንድ ጠዋት የማደሪያችን ዘበኛ፣ ሽማግሌው፣ ሲያዛጉ አየኋቸው። አንድም ጥርስ የለም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አፋቸውን እያሳየሁ፣ ወደ ክሊኒኩ እየጠቆምኩ፣ በምልክት ተስማማን። አምስት ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። የድዳቸውን ልክ ወሰድኩ፣ ሰም አቀለጥኩ፣ ጣቴ እስኪላጥ ጥርሱን አንድ በአንድ ደረደርኩ።

በስድስተኛው ቀጠሮ ወንበሬ ባዶ ነው። ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ዞር ስል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የእኔ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው፣ ጮሌው ልካቸውን ይወስዳል! ጮሌው የክፍላችን ልጅ ነው፤ ወሬው ማር፣ ሥራው ሬት። አያቱ እምቢ ስላሉት ሰው አጥቶ ነበር። ኃላፊው ዘንድ ሮጥኩ። «በሽተኛ ሐኪሙን የመምረጥ መብት አለው» ብሎኝ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እጄ ላይ ያለው ጥርስ ደግሞ ከእሳቸው በቀር ለማንም አፍ አይሆንም።

የማደሪያውን ወጥ ሠሪ፣ የአገሬን ሴት፣ እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ። «እትዬ፣ ንገሪልኝ! ምን በድያቸው ነው ጉድ የሠሩኝ? ፈተናዬ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ረጅም ተናገሩ። እትዬ እኔን እያየች ተረጎመችው።

«አምስት ዓመት በዚህ በር ስትወጣ ስትገባ አንድ ቀን እንኳ በቋንቋችን ደህና አደሩ ብላኝ አታውቅም ይላሉ። አፌን በጣቷ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ፈተና መሆኑን በምን ልወቅ? ያ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ አጫወተኝ፣ የባለቤቴንም ጤና ጠየቀኝ ነው የሚሉሽ።»

«እሺ፣ ባለቤታቸው እንዴት ናቸው በይልኝ» አልኩ፣ አምስት ዓመት ዘግይቼ።

ፊታቸው በራ። እትዬ ግን ለመተርጎም አመነታች። «ደህና ናት ይላሉ። እሷም ጥርስ የላትም ኖሯል፤ ልጁ ለክፍል ጓደኛው ወስዷት እያሠራች ነው።»

አይ ጮሌው! ጤና ጥየቃው ለካ ድድ ፍለጋ ነበር! ልረግመው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ለምንም ይጠይቅ ለምን፣ እሱ ጠይቋል። ሁለት ጥርስ አልባ ሰዎች በራችን ላይ እየኖሩ እኔ አንዱን ያገኘሁት ሲያዛጉ ነው።

በቀረኝ ሁለት ሳምንት ገበያውን፣ አውቶቡስ ተራውን አሰስኩ። አንድ ሰው አላገኘሁም። ስኮላርሺፑ አበቃ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በዚያ በር ስወጣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። አዲሱን ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው፣ ከማን እንዳጠኑት እንጃ፣ በእንግሊዝኛ «ጉድባይ፣ ዶክተር» አሉኝ።