እናቴ በስተርጅና ያረገዘች ጊዜ

ከዩኒቨርሲቲ ልመረቅ ጥቂት ሲቀረኝ እናቴ ጓዳ ጠራችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ወንድም ወይ እህት ሊመጣልሽ ነው» አለችኝ። አርባን አልፋለች። የወር አበባዋ ሲቀር ጊዜው ደርሶ ነው ብላ ዝም ብላ ነበር። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን፣ «እንግዲህ በየት በኩል ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው?» ብላ ግድግዳውን ታይ ጀመር። አባቴ ቄስ ናቸው። የእሳቸው እፍረት ደግሞ ከእሷ ይብስ ነበር።

ሆዷ ገፋ ሲል ፊቷና እግሯ አበጠ፤ ራሷንም ያማት ጀመር። ጠዳ ጤና ጣቢያ የደም ግፊቷን ለክተው ቶሎ ጎንደር ውሰዷት አሉን። ደንግጠን ሆስፒታል ስንደርስ ወረቀቱን የተቀበለችን ነርስ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ነይ እዚህ ተኚ፤ እናትሽ ውጭ ይጠብቁሽ» አለች። እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሆዷን አሳየቻት። ነርሷ፣ «ውይ፣ ይቅርታ እማማ» ከማለቷ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። ፍርሃታችን ሁሉ በሳቅ ወጣ።

ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ፣ ጨው ያለበት ምግብም እንዳትቀምስ አዘዘ። እናቴን በቀን ብርሃን ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ተቁነጠነጠች፤ ኋላ ግን የሥራ ሐሳብ ሲለቃት ልጃገረድ ሆነች። አጠገቧ መንታ ያረገዘች፣ ከሳንጃ የመጣች ልጅ ተኝታለች፤ በዕድሜ የእኔ እኩያ ናት። እናቴን «ኤልሳቤጥ» የሚል ስም ያወጣችላት እሷ ናት፤ በእርጅናዋ ፀነሰች ለማለት ነው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲንሾካሾኩ ይውላሉ። ግፊት የምትለካው ነርስ እየመጣች፣ «እባካችሁ፣ ሳቃችሁ ቁጥሩን ያበላሽብኛል» ትላቸዋለች።

አንድ እሑድ አባቴ ጥምጣማቸውን አሳምረው መጡ። እንደ ገቡ በሽተኞቹ ሁሉ መስቀል ሊሳለሙ ቀና ቀና አሉ። አባቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከአልጋ አልጋ እየሄዱ ባረኩ። እናቴ ዘንድም ደረሱ፤ መስቀሉን ዘረጉላት፣ ተሳለመች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ሊያልፉ ሆነ።

«ምነው መምሬ፣ እኔን አላወቁኝም?» አለቻቸው።

አባቴ ቆሙ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አየሁ። የሳንጃዋ ልጅ ትራሷን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግፊቷ ከፍ አለና ሐኪሙ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት አለ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት እጄን ይዛ፣ «አባትሽ ምሳ አልበሉም» አለችኝ። እኔና አባቴ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆመን ቀረን። እሳቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ እኔ የበሩን እጀታ አያለሁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ፣ «ሴት ናት። እናትየውም ደኅና ናቸው» አለችን። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ ስለመጣች በጣም ትንሽ ናት፤ በሰው ገላ መሞቅ ነበረባት። እናቴ እስክትጠነክር ደረቱ ላይ የሚይዛት ሰው ሲፈለግ እጄን ልዘረጋ ስል አባቴ ቀደሙኝ። «እኔ አለሁ» አሉና የቀሚሳቸውን ቁልፍ ፈትተው እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ነርሷ ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስተኛችና በጋቢያቸው ሸፈነቻት። አባቴ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀጥ አሉ። ጋቢው ውስጥ አንዲት ቅንጣት ማስነጠስ ተሰማች።

«ይማርሽ» አሉ አባቴ፣ በቅዳሴ ድምፃቸው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ «መምሬ፣ በእግዜር ይተዉኝ፣ ስፌቴ ይፈታል» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ ምኑ እንዳሳቀን አልገባቸውም። ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንዴ አዩና፣ «ሸጋ ልጅ ናት» አሉ።