ከ፵፪ ወደ ፵፭

የባለቤቴ ዐርባ በወጣ ማግስት የኔታ ደብተሩን ተዋሱኝ። ሰጠኋቸው። የኔታ ዳንግላ የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሱን ከፊደል ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንቢ ለማለትም ያን ቀን ልብ አልነበረኝም።

ባለቤቴ እንጅባራ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ በዚያ ደብተር ላይ የጥንት ጳጳሳትን ነገር ይጽፋል። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የያዘው የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ አስቀድሞ በመጽሐፍ ያሰናዳው ጳጳስ ነው። “ይህ ሰው ባይጽፍ ስንቱን ሰማዕት ባላወቅነው” ይለኛል፣ እህል ስለቅም አጠገቤ ተቀምጦ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ግን አላምነውም” ይላል። ጳጳሱ በኒቅያ ጉባኤ ከተቀመጡት አንዱ ሆኖ ሳለ ጉባኤው ካወገዘው መናፍቅ ወገን ነው ተብሎ ተጠርጥሯል። ጉባኤውን የጠራው ንጉሥ የገዛ ልጁን ሲያስገድል ደግሞ፣ የንጉሡን ሕይወት የጻፈው ይኸው ጳጳስ ስለ ልጁ ሞት አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

“ታዲያ ውሸታም ነዋ” አልሁት አንድ ቀን።

“አልዋሸም። ዘለለ።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“እሱን ነው የምጽፈው” አለኝ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አንዲት ጎረቤቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስቆመችኝ። “ባልሽ አባቶችን ይተች ነበር አሉ።”

“ማን አለ?”

“ሰው ነዋ።”

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ “መናፍቅ” እስኪባል ሩቅ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ካህናቱ ለሙት ዓመቱ ባይመጡስ? ደብተሩን ደግሞ ከየኔታ በቀር ያየው የለም። በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ፤ ከመናኸሪያው ጋሪ ይዤ ቤታቸው ደረስሁ።

“መጣሽ?” አሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ እየለቀቁልኝ። “ባልሽ እኮ ጉደኛ ነው። በሞተ ጳጳስ ላይ ክስ የሚመሠርት ሰው አይቼ አላውቅም። ይኸኔ እዚያ አግኝቶት ሙግት ገጥመው ይሆናል።”

አልሳቅሁም። ደብተሩን ተቀብዬ እዚያው ገለጥሁት። ባለቤቴ ገጹን በግእዝ አኃዝ ይቆጥር ነበር። ከ፵፪ ቀጥሎ ፵፭ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ቅጠል በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል።

“የኔታ፣ ይህን ቅጠል ለማን ሰጡት? ያሳደጉትን ልጅ ከሞተ በኋላ ይሸጡታል ብዬ አላሰብሁም ነበር።”

ይህን የመጨረሻውን ቃሌን ታሪኩን መጀመሪያ ስጽፍ ትቼው ነበር። ተመልሼ አስገባሁት።

“እኔ እኮ አንቺ የቆረጥሽው መስሎኝ ነው” አሉ የኔታ። “ስወስደውም ጎድሎ ነበር። ‘ባሏን የሚያስነቅፍ ነገር አይታ ደብቃለች፣ ደግ አደረገች’ ብዬ ተውሁት። ሳልመልስ የዘገየሁትም ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው።”

“ለሰው አላሳዩም?”

“ለሁለት ቄሶች አንብቤላቸዋለሁ። እየሣቁ ሰሙኝ። ወሬው እንጅባራ ሲደርስ ተጣሞ ከሆነ እንጃ።”

አላመንኋቸውም። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ደብተሩን እንደገና ገለጥሁ። ቅጠሉ የወጣበት ቦታ እንዳይላቀቅ በቀጭን ወረቀት ታሽጓል። ወረቀቱ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ ነው። በላዩ ላይ “ወፍጮ” ይላል፣ በእስክሪብቶ። የራሴ ጽሕፈት ነው። እህል የማስፈጭበትን ቀን በግድግዳችን ቀን መቁጠሪያ ላይ እንዲህ እጽፍ ነበር።

ቤት ስደርስ አሮጌው ቀን መቁጠሪያ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ከታች በኩል በማስመሪያ ተስተካክሎ ተቆርጧል። እንደዚያ አስተካክሎ የሚቆርጥ በቤታችን ከባለቤቴ በቀር አልነበረም።

ለየኔታ ስልክ ደወልሁ። “የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ኔትወርኩ ነው መሰል፣ አይሰማም።”

“ይቅር ይበሉኝ!”

“እ?”

ሦስተኛውን ጮኼ አልሁት። “ከመጀመሪያውም ሰምቻለሁ” አሉኝ። “ደጋግመሽ እንድትይው ብዬ ነው።”

ለሙት ዓመቱ ካህናቱ መጡ፤ ሁለቱ ቄሶችም ነበሩ። ጸሎቱ ሳይጓደል ተደረሰ። የኔታ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ “አገኘሽው?” አሉኝ።

“አላገኘሁም።”

“ብታገኚው ለኔም እንዳታሳዪኝ።”

ገጽ ፵፭ የሚጀምረው ከተቆረጠው ቅጠል በተሻገረ ዐረፍተ ነገር ጅራት ነው፦ “...እኔም እንደ ጳጳሱ ዘልያለሁ።” የዘለለው ምን እንደሆነ የተጻፈው በዚያ ቅጠል ላይ ነው። ከማን እንደደበቀውም ይገባኛል፤ በዚህ ቤት ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ።

የሣጥኑን ሥር አይቻለሁ። የኮቱን ገበር ፈትቼ መልሼ ሰፍቻለሁ። የቀረኝ ከጣሪያው በታች ያለው ቆጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዚያችው ጎረቤቴ መሰላል ተዋስሁ።

“ምን ልታደርጊበት?” አለችኝ።

“ጣሪያዬ ያፈሳል” አልኋት።

አልዋሸሁም። ያፈሳል።